በልል ክር የተሰፋ ማተብ

«አንገቷ ላይ ያለውን ፍቺው» ሲሉኝ ልጄ እቅፌ ውስጥ ነበረች።

ያሉኝ የሕፃናት ማቆያው ኃላፊዋ ናቸው። በእድሜ ይበልጡኛል። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ክፉ ፊት አላሳዩኝም። እጄ ግን ሳላዝዘው ሄዶ የልጄን ማተብ ሸፈነ።

«ማተቧን?» አልኩ።

«ማተብም ይሁን፣ ጨሌም ይሁን፣ ክታብም ይሁን። እዚህ ልጅ ሲተኛ አንገቱ ላይ ምንም አይኖርም። ሲነቃ መልሰን እናስርለታለን።»

ከነጠላቸው ሥር የራሳቸውን ማተብ አወጡና አሳዩኝ። «እኔም ክርስቲያን ነኝ፤ በሌላ እንዳትተረጉሚው። ልጅ ሲገላበጥ ክር አንድ ነገር ላይ ይያዝበታል። ይያዝበትና ድምፅ አያወጣም። የሚያስፈራው ድምፅ አለማውጣቱ ነው።»

ይህን የመጨረሻውን ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ፍርሃት ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ማተቧ ቢፈታ እፈራለሁ፤ ባይፈታም እፈራለሁ።

ልጄ የስእለት ልጅ ናት። ከተጋባን በኋላ ብዙ ዓመት ልጅ አልነበረንም። ኪዳነ ምሕረትን ለምኜ፣ ደጇ ላይ ወድቄ ያገኘኋት ናት። ተወልዳም በጤና አልቆየችልኝም፤ ትኩሳት ሲነሳባት ዓይኗ ይገለበጥ ነበር። ሐኪም ቤትም ጠበልም ይዣት ሄድኩ። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የክርስትና እናቷ ጥቁሩን ክር አንገቷ ላይ አስረው «ይቺ እንዳትወርድ» አሉኝ። አልወረደችም። ገላዋን ሳጥባት እንኳ ከነማተቧ ነው። ትኩሳቱም ቀስ በቀስ ተዋት። በምን እንደዳነች አልመረምርም። ዳነች፤ ተመስገን።

እስከ ሁለት ዓመቷ ታናሽ እህቴ ያዘችልኝ። እህቴ ትምህርቷን ልትቀጥል ስትሄድ ቤቱ ባዶ ሆነ። ባለቤቴ ዳንግላ መምህር ነው፤ ዓርብ ማታ መጥቶ እሑድ ይመለሳል። እኔ እንጅባራ መሥሪያ ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የባለቤቴ እናት «ለእኔ ስጡኝ» ይሉ ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ግን ዘንገና ሐይቅ ዳር ነው፤ ከጓሯቸው የሚወጣው ቀጭን መንገድ ሐይቁ አፋፍ ድረስ ይወስዳል። ልጄ ደግሞ መራመድ ከጀመረች ቆማ አታውቅም። ስለዚህ ምርጫዬ ይህ ነበር፤ ወይ ማቆያው፣ ወይ ሥራዬን ማቆም፣ ወይ ልጄን ሐይቁ አፋፍ አጠገብ መተው።

ማቆያው አንድ ሰፊ ክፍል ነው። አልጋዎቹ የቀርቀሃ ናቸው፤ የአገራችን ባለሙያዎች የሠሯቸው፣ ዙሪያቸው የታጠረ። ግድግዳው ላይ ምስማሮች ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ምስማር በላይ ሥዕል አለ። የአንዱ ልጅ ድመት ነው፣ የአንዱ አውራ ዶሮ፣ የአንዷ እንስሳ ሳይሆን ድንች። ልጄ ፈረስ ደረሳት። በእንቅልፍ ሰዓት ምስማሮቹ ላይ ማተብ፣ ጨሌና ክታብ ተንጠልጥሎ አየሁ። የፈረሱና የአውራ ዶሮው ምስማሮች ብቻ ባዶ ነበሩ።

«አልፈታም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እዚህ አትተኛም» አሉኝ። «ቀን ትቆይ፤ ስትተኛ ግን አንች ያዣት። አስቢበት።»

እንዲሁ አደረግን። በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤት በባጃጅ እመጣለሁ። ጥግ ላይ አንድ ዱካ አለ፤ እሱ ላይ ተቀምጬ ልጄን ጭኔ ላይ አስተኛታለሁ። እጄን ከማተቧ ሥር አስገብቼ እጠብቃለሁ። ገና እንቅልፉ ሲጥማት እቀሰቅሳታለሁ፤ እያለቀሰች ጥያት እሄዳለሁ። ምሳ መብላት ቀረ። መሥሪያ ቤት ስገባ አርፍጃለሁ።

አለቃዬ የግድግዳውን ሰዓት ያይ ጀመር። አንድ ቀን «አንችን ማጣት አልፈልግም» አለ፤ «ግን ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ቆሞ ሲጠብቅሽ እኔ ምን ልበለው?»

ጥግ ላይ ብቻዬን አልነበርኩም። ከአጠገቤ ሌላ እናት ትቀመጥ ነበር። ገበያው ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ሱቋ በረንዳ ላይም ትሰፋለች። ሙስሊም ናት። ልጇ የዶሮው ምስማር ባለቤት ነው፤ አያቱ ያሰሩለትን በቆዳ የተሰፋች ትንሽ ክታብ ሊያወልቁበት ሲሉ ጣሪያው እስኪነሳ ይጮሃል። እዚያ ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ እሷም የሰጠችኝ ስም ከምስማሩ የመጣ ነው።

«የፈረሷ እናት! ዛሬም ጭንሽን ፍራሽ ልታደርጊው ነው?»

«ምን ላድርግ ብለሽ።»

«እኔስ? ሱቄን ቆልፌ መጣሁ። ደንበኛዬ ‹የት ሄደች?› ሲል ጎረቤቴ ‹ልትተኛ› ብሎ ይመልስልኛል። በጠራራ ፀሐይ!»

«ልታስተኛ አይልም?»

«እሱ ነገር ሲያሳጥር እንዲህ ነው!»

ከእሷ ጋር ስሆን ፍርሃቴ ትንሽ ይለቀኝ ነበር። በማቆያው ስላለው ምግብ አልሰጋም፤ የማንም እምነት እንዳይነካ ብለው ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ድንች፣ አትክልትና ገንፎ ነው የሚሰጡት። የሚያሰጋኝ ሌላው ነው። ልጄ ውሃ ሲጠማት በአዊኛ ትጠይቀኝ ጀመር፤ ሞግዚቷ ልጆቹን የምታባብለው በአዊኛ ነውና። ባለቤቴ የእናቱ ቋንቋ ነውና በደስታ ሊሞት። ይህ ደግ ነው። አንድ ማታ ግን እራት አቅርቤ በስመ አብ ከማለቴ በፊት እሷ «ቢስሚላ» አለች። ማንኪያው በእጄ ቀረ።

በማግስቱ ጥግ ላይ ለጓደኛዬ ነገርኳት። ፈርቼ ነው የነገርኳት።

«ያንችስ ምን አላት» አለች። «የእኔው አባቱ ፊት አማተበ። ያውም በግራ እጁ!»

«አባቱ ምን አለ?»

«‹ካስተማሩት አይቀር በቀኙ ያስተምሩት› አለ።»

ልጆቹ እስኪነቁ ሳቅን። ሞግዚቷ ከወዲያ «እሽ!» አለችን።

ሳቁ አልቆ መንገድ ስገባ ግን ነገሩ ይመለስብኛል። በዚህ ሁኔታ ወር እንኳ እንደማልገፋ አውቄዋለሁ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ ጠየቅኋቸው።

«አባ፣ ማተቧ ለእንቅልፍ ቢፈታ ይሆን?»

«ምነው ለእንቅልፍ?»

«እንዳያንቃት ነው ይላሉ።»

«ያንቃት ይሆን?»

«ይያዝና ድምፅ አታወጣም ይላሉ።»

መስቀላቸውን አገላበጡ። «ማተብ ምስክር ናት» አሉ። «ምስክር ሰው አይገድልም። አንገቷ ላይ ትኑር። እንዳትጎዳት ግን የሰው እጅ የሚችለውን ሁሉ አድርጊ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ለባለቤቱ ተይለት።»

ለባለቤቴ ስነግረው «ደግ ብለዋል፤ ግን የሰው እጅ ምን ይችላል?» አለ። እኔም የጨነቀኝ እሱ ነበር።

ሰኞ ጥግ ላይ ተቀምጬ የአባን ቃል ለጓደኛዬ ነገርኳት። ዛሬስ ቀልድ አልመጣላትም። የልጇን ሸሚዝ እጅጌ ይዛ ስፌቱን በጣቷ ትነካካ ነበር።

«ሰው ልብስ ሲያሰፋ ሁለት ጊዜ አይደል የሚመጣ?» አለች። «መጀመሪያ ሲመጣ ለልክ ነው። ያን ጊዜ በልል ክር ነው የምወሰውሰው። ለብሶ ያያል፤ እጄን ሰድጄ ሳብ ሳደርገው ይለቃል። የውስወሳ ክር ለመያዝ ይይዛል፤ ሲስቡት ግን አይሟገትም።»

«እና?»

«እናማ ማተቡን አንድ ቦታ ላይ ቆርጠሽ በውስወሳ ክር ብትገጥሚውስ? በደህናው ቀን አንገቷ ላይ ነው። የሆነ ነገር ከያዘው ይበጠሳል፤ ልጅሽ ትተርፋለች።»

ጥሩ ሐሳብ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። የቆረጠኝ «ቆርጠሽ» ያለችው ነው። ማተብ የቆረጠ ሰው እምነቱን የካደ ነው፤ እኛ ያደግነው ይህን እየሰማን ነው። አሁን መቀሱን የማነሳው እኔ፣ አንገቷ የልጄ።

ማታ ከሥራ ስወጣ ልጄን ይዤ ሱቋ ሄድኩ። ልጇ የስፌት መኪናው ሥር ተቀምጦ በባዶ የክር ማጠንጠኛ ይጫወት ነበር። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝ።

«አንች ቁረጪልኝ» አልኳት። «አንች እጅሽ የለመደ ነው።»

እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች። «አላደርገውም። የክርስትና ማተብ በእኔ እጅ አይቆረጥም። ነገ ልጅሽን ራሷን ቢያማት ፊትሽን እንዴት አየዋለሁ? አንችም የልጄን ክታብ አትነኪም። ሁላችን የየራሳችንን።»

ልክ ነበረች። ልጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፤ አማተብኩ። ‹እመቤቴ፣ እያየሽኝ ነው› አልኩ በልቤ። ቆረጥኩት። ልጄ ምንም አላለችም፤ ዓይኗ ልጁ የያዘው ማጠንጠኛ ላይ ነበር። ጓደኛዬም የልጇን የክታብ ማሰሪያ ቆረጠች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ለእኔም መርፌና ነጭ ክር ሰጠችኝና ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰፋን። የእሷ አለቀ፤ የእኔ ገና ነበር።

«እንዲህ አታጥብቂው» አለችኝ። «ጥምጥም አደረግሽው እኮ። ልብስሽ ነው እንዴ?»

ኃላፊዋ ግን በቀላሉ አልተቀበሉንም። በማግስቱ ማተቡን ከልጄ አንገት አስወልቀው ባዶ አልጋ ላይ፣ የቀርቀሃው ጫፍ ላይ አንጠለጠሉት። በአንድ ጣታቸው ሳቡት። አልተበጠሰም።

«ይኼ ልጅ ይገድላል» አሉ።

ፈትቼ በአዲስ ሰፋሁት። ሳቡት፤ ተንገራግጮ ተበጠሰ። «ገና ነው» አሉ። በነጠላ ክር ሰፋሁት። ነካ ሲያደርጉት ለቀቀ። የዶሮው ክታብ መጀመሪያውኑ ለቀቀላቸው፤ የባለሙያ እጅ ነዋ። ኃላፊዋ ክሩን አገላብጠው አዩት።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «በየሳምንቱ ግን እኔ ራሴ እየሳብኩ አየዋለሁ። ጠንክሮ ካገኘሁት ምስማር ላይ ይሰቀላል።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል «ተይ ተይ» ብለው ሸሹኝ።

ከዚያ ወዲያ ልጄ እንደሌሎቹ ልጆች አልጋዋ ላይ ተኛች። እኔም ምሳዬን በላሁ። አለቃዬ ሰዓቱን ማየት ተወ። ሰው ቢያየኝ ዕረፍት ያገኘሁ ይመስለዋል። እኔ ግን ሥራዬ ላይ ተቀምጬ ያቺን ነጠላ ክር ነበር የማስበው። በጣም ልል ብትሆን መንገድ ላይ ትወድቅና ትጠፋለች። ትንሽ ብትጠነክር ደግሞ… ይህን አልጨርሰውም ነበር። ማታ ልጄን ስቀበላት ከመሳሜ በፊት አንገቷን እዳስሳለሁ። ክሯ አለች። ተመስገን እላለሁ።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጉም ከተማውን ሸፍኖት፣ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጠራ። ኃላፊዋ ናቸው።

«ልጅሽ አልጋው ላይ ቆማ…» አሉና ድምፃቸው ጠፋ። ኔትወርክ ተቋረጠ። ደወልኩ፤ አይገባም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይገባም።

ለአለቃዬ ምን እንዳልኩት አላውቅም። ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «እናቴ፣ የታመመ ሰው አለ?» አለኝ። «ልጄ» አልኩት። እሱም ነዳው። ገበያው ዳር ስንደርስ ከሰል የጫኑ ፈረሶች መንገዱን ሞልተውታል። ጥሩምባውን ነፋ፤ ፈረስ ለጥሩምባ መንገድ አይለቅም። ወርጄ ሮጥኩ። ጭቃው አንዱን ጫማዬን አስቀረው። ‹ኪዳነ ምሕረት፣ አንች የሰጠሽኝ ናት› እያልኩ ነበር። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ስገባ ልጄ ሞግዚቷ ጭን ላይ ተቀምጣ የተቀቀለ ድንች ትበላለች። ስታየኝ ድንቹን ዘረጋችልኝ።

ሞግዚቷ ታለቅስ ነበር። ነገሩ የደረሰው የሌላ ልጅ ጨርቅ ስትቀይር ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ልጄ ነቅታለች፤ ብቻዋን ቆማለች፤ በአልጋው አጥር ላይ ወጥታ ልትሻገር ሞክራለች። ከቀርቀሃው አንዱ ጫፉ ከሌሎቹ ትንሽ ይረዝም ኖሯል። ሞግዚቷ ስትዞር ያየችው ልጅቷ ከአጥሩ ወዲያ ምንጣፉ ላይ ደንግጣ ተቀምጣ ነው። ማተቧ ቀርቀሃው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አላለቀሰችም» አለች ሞግዚቷ። «ምንም ድምፅ አላወጣችም፣ እቴ። ምንም።»

የልጄን አገጭ ቀና አድርጌ አየሁ። ከጆሮዋ ሥር አንስቶ ጣት የማይሞላ ቀይ መስመር አለ። በጣቴ ነካሁት። ሙቅ ነው። ድንቿን አፌ ላይ ለጠፈችው።

ኃላፊዋ ማተቡን በመዳፌ አስቀመጡልኝ። ጥቁሩ ክር አልተነካም። የለቀቀው ነጩ ነው። እዚያው ተንበረከክሁና ምንጣፉን ሳምኩ። ተመስገን ያልኩ ይመስለኛል፤ ሞግዚቷ ግን ምንም አልሰማችም።

ቀና ስል ኃላፊዋ መጋዝ አስመጥተው የቀርቀሃውን ጫፍ ያስቆርጡ ነበር። የሌሎቹንም አልጋዎች ሁሉ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩ።

«አሁንስ እንፍታው ትያለሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ክሩ ሊያደርግ የሚገባውን አድርጓል» አሉ። «ያልሠራነው እኛ ነን። ከእንግዲህ ሲተኙ ጀርባ የሚሰጥ ሰው አይኖርም።»

ልጄን አዝዬ በአንድ ጫማ ገበያ ሄድኩ። ጓደኛዬ ከሩቅ እግሬን አየች።

«የፈረሷ እናት! አንዱ ኮቴሽስ?» አለች። መዳፌን ዘረጋሁላት። የተበጠሰውን ነጭ ክር አየች። የልጄን አንገት አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ያን ቀን ሱቅ የዋለውን ልጇን ከመኪናው ሥር ጎትታ አውጥታ ክታቡን ሳብ አደረገችው። ለቀቀ። «አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ተቀመጠች።

መርፌ ሰጠችኝ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ላስገባ ሞከርኩ። ክሩ ከቀዳዳው ዳር ታጠፈ። ደግሜ ሞከርኩ። ልጄ ከጀርባዬ ፀጉሬን ትጎትታለች።

መርፌውንም ማተቡንም አቀረብኩላት። «ስፊልኝ» አልኩ።

አየችኝ። «በእኔ እጅ?»

«በአንች እጅ።»

«ቢስሚላህ ብዬ ነው የምጀምረው እኮ።»

«በይ ጀምሪ።»

እሷ ቢስሚላህ አለች። እኔ አማተብኩ። «እንደ በፊቱ ይሁን ወይስ ጠንከር ላድርገው?» አለችኝ።

«እንደ በፊቱ» አልኩ። «ከቻልሽ ደግሞ ትንሽ ልል ይሁን።»

ሁለት ቦታ ወጋ ወጋ አድርጋ ጨረሰች። የተረፈውን ክር በጥርሷ ልትበጥስ አፏ ድረስ አደረሰችና ተወችው፤ ማተቡን እንደያዘች ወደ እኔ ዘረጋችው። ጫፉን እኔ በጠስኩት።